ከመቃብሩ እስከ ወንዙ

ጋልዴ መንደር፣ ማርች 11 ቀን 2018

ለቤታችን በኩር ለኢንሶፕ፣

የወንዙ በረዶ ባለፈው ሳምንት ተሰነጣጥቆ ሄደ። ብርዱ እኔን ሳይወስደኝ አለፈ፤ ተመስገን ነው። አንተስ እንዴት ነህ? ሚስትህስ? ሳኦ ፓውሎ ሙቀቱ እንዳላደከማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። የቤታችን አባቶች በሰው አገር እጅህን ይያዙህ።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃንና ወደ ነገሬ ልግባ። በዚህ ነገር ስጽፍልህ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱን ምን እንዳደረግሃቸው አንተ ታውቃለህ። በስልክ አልነግርህም፤ በስልክ የተባለ ነገር በማግስቱ "አልሰማሁም" ይባላል።

አባትህ ከሞተ ወዲህ በወንዝ ዳሩ ማሳህ ላይ ሩዝ የዘራሁት እኔ ነኝ። ባሌ፣ ማለት የአባትህ ታናሽ ወንድም፣ በሕይወት ሳለ ከእሱ ጋር፤ እሱ ካለፈ በኋላ ብቻዬን። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ አቆምኩና ውሃውን ለቀቅኩበት። እኔ ሙሽራ ሆኜ ወደዚህ መንደር ስመጣ ያ ቦታ ረግረግ ነበር። ብርድ ሲገባ የዱር ዝይ እየመጣ ያርፍበታል፤ ጩኸቱ ሰው አያስተኛም። ልጆች ዓሣ ያጠምዱበታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ከዚያ ተደለደለ፣ ማሳ ሆነ፣ መርዝ ተረጨበት፤ ወፉም ሰውም ጠፋበት። ያንን መመለስ ነው የፈለግኩት፤ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ያንተ ማሳ ከሁሉ በታች ስለሆነ ውሃ እንዲይዝ ከላይ ያሉት ቤቶች በሙሉ መስማማት ነበረባቸው። ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዷ "እትዬ፣ ለወፍ ስትይ እኔን አረም ልታስወርሪኝ ነው?" አለችኝ። የመንደሩ ሹም ባን ደግሞ ባየኝ ቁጥር "የአረም እመቤት መጡ! መንገድ ልቀቁ!" እያለ በሰው ፊት ይስቅብኛል። "ሳቅ፣ ሳቅ! ጥርስህ ሳያልቅ ሳቅበት" አልኩት። አንዱ ቤት የሩዝ ጠላ፣ ማክጎሊ ይዤ ገባሁ፣ አንዱ ቤት ጮኬ ገባሁ፣ አንዱ ቤት አልቅሼም ገብቻለሁ። አሁን ሃያ ሁለቱም ቤት አንድ ሆነናል። የላይኞቹ መርዝ መርጨት ትተዋል። በማሳው ዳር ባለው ግድብ ላይ በወንፈል ሰው የሚሄድበት መንገድ ሠርተናል፤ እሑድ እሑድ ከከተማ ሰው ልጁን ይዞ እየመጣ ይሄድበታል። ባን እንኳ "ለሹምነቴ ስል ነው" እያለ አካፋውን ተሸክሞ መጣ።

የቀረን በስምህ የተቀረጸው ያንተ ማኅተም ብቻ ነው። ወረዳው ባለቤቱ ለሃያ ዓመት አልሸጥም፣ አልገነባበትም ብሎ ማኅተሙን ካሳረፈ ቦታውን በሕግ እናስጠብቃለን ብሎናል፤ እስከዚህ ዓመት መጨረሻ። ወረቀቱን አብሬ ልኬልሃለሁ። ፎቶም አለ፤ ባለፈው ኦገስት የባን ምራት ናት ያነሣችው። ሳትውል ሳታድር አትምና መልስልኝ።

ጤናውን ያብዛልህ።

ትንሿ እናትህ ቦክሱን


ሳኦ ፓውሎ፣ ሜይ 6 ቀን 2018

ለተከበሩ ለትንሿ እናቴ፣

ብርዱን በሰላም ማለፍዎን ሰምቼ ልቤ አርፏል። ጤናዎ እንደ ወንዙ የማይደርቅ ይሁን። እኛ ደኅና ነን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ የልብስ ሱቁ ሥራ ፋታ አልሰጠኝም።

ወረቀቱ ደርሶኛል። ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ተረጋግቼ ላየው እፈልጋለሁ። እስከዚያው ግን ጥቂት ነገሮች ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። ወደ ማሳው የሚወስደው መንገድ ትልቅ መኪና ያስገባል? የመብራት ምሰሶው ከግድቡ ምን ያህል ይርቃል? ማሳው ውሃው ቢወርድለት ለመድረቅ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል?

ፎቶውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በቀኝ በኩል ጥግ ላይ፣ ከሣሩ በላይ ትንሽ ብቅ ያለው ድንጋይ የአባቴ መቃብር ነው?

ራስዎን ይጠብቁልኝ። ለባን ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ታዛዥ ልጅዎ ኢንሶፕ


ጋልዴ መንደር፣ ጁን 10 ቀን 2018

ለኢንሶፕ፣

ሰላም ነህ? ሰላም ያድርግህ። እኔ ግን ሰላም አይደለሁም።

የመንገዱ ስፋት ምን ያደርግልሃል? ወፍ በመኪና አይመጣም! ምሰሶውስ? ዝዮቹ መብራት አብርተው ሊያድሩ ነው? ኧረ በአባቶችህ ይዤሃለሁ፣ ሞኝ አታድርገኝ! ባለፈው ወር ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሁለት ሰዎች ግድቡ ላይ መኪናቸውን አቁመው ማሳህን በዓይናቸው ሲለኩ አይቻለሁ። ከወንዙ ማዶ ያለው ኮረብታ እንዴት እንደሆነ አላየህም። ከሥር እስከ ጫፉ ሶላር አልብሰውታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ዓይን ይወጋል። እሱን ለመሸጥ የፈረመውም እንዳንተ ውጭ አገር የሚኖር ሰው ነው። አንተም እንደዚያ አስበህ እንደሆነ በግልጽ ንገረኝ። ምሰሶ እየቆጠርክ አትዙረኝ።

አዎ፣ ድንጋዩ የአባትህ ነው። የማን መስሎህ ነው?

አሁን ደግሞ ይህን ስማ። ባለፈው ማክሰኞ ገና ቁርስ ሳልበላ ባን ነጠላ ጫማውን አንዱን እግር ብቻ አድርጎ በሬን ደበደበ። "እትዬ! ሰማሽው?" አለኝ። "ምኑን?" ስለው "ዝም በይና ስሚ" ብሎ እጄን ይዞ ወደ ግድቡ ወሰደኝ። ከሣሩ ውስጥ "ጡም፣ ጡም፣ ጡም" ይላል። ጥቁሩ የውሃ ዶሮ ነው! ግንባሩ ላይ ቀይ ያለው። አንተ ስትወለድ እንኳ እዚህ አልነበረም። ባን "እናቴ በሞተችበት ዓመት ነው ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት" አለኝና ፊቱን አዞረ። ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ አንተም አትናገር። ዕለቱን ሃያ ሁለቱም ቤት ወጥቶ ግድቡ ላይ ቆመ። ያቺ "አረም ልታስወርሪኝ ነው" ያለችኝ ሴትዮ ልጆቿን "ጸጥ በሉ፣ ጎጆ ይሠራል" እያለች ትቆጣለች። እንዲህ ሆነናል እዚህ።

ስለዚህ አትመህ ላክ። ሌላ ጥያቄ አልፈልግም።

እግዚሃር ልቦናህን ያብራልህ።

ቦክሱን


ሳኦ ፓውሎ፣ ኦገስት 12 ቀን 2018

ለተከበሩ ለትንሿ እናቴ፣

የመኸሩ በዓላችን ቹሶክ ቀረበ። በዓሉ በደስታ ያግኝዎት፤ ገበታዎ ሙሉ ይሁን። ስለ መንገዱና ስለ ምሰሶው ላቀረብኩት ጥያቄ ይቅርታ። ስለ ወረቀቱ ከበዓሉ በኋላ እጽፍልዎታለሁ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ሌላ ነገር ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ቹሶክ በመጣ ቁጥር የአባቴን መቃብር የሚያጭዱልኝ እርስዎና የመንደሩ ሰዎች ናችሁ። እኔ በኩር ተብዬ አንድ ቀን እንኳ ማጭድ አልያዝኩም። እርስዎም በዕድሜ ገፍተዋል። ማሳው ከአቅምዎ በላይ እንደሆነ ከፎቶው ተረድቻለሁ፤ እርስዎ ሊነግሩኝ አልፈለጉም፣ እኔም ላሳፍርዎ አልፈልግም። ስለዚህ በስልክ አጫጆች ቀጥሬያለሁ። በዚህ ወር መጨረሻ ይመጣሉ። ከመቃብሩ ጀምረው እስከ ወንዙ ጥርግርግ አድርጉልኝ ብያቸዋለሁ። እርስዎ ምንም እንዳይደክሙ፣ ውሃ እንኳ እንዳያቀርቡላቸው።

ትንሽ ስጦታ ናት። በደስታ ይቀበሉኝ።

ልጅዎ ኢንሶፕ


ጋልዴ መንደር፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2018

ኢንሶፕ!

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። አጫጆችህ ባለፈው ቅዳሜ ደርሰዋል።

ስምንት ሆነው መጡ። ሞተራቸው ሲጮህ የመንገድ ሠራተኛ መስሎኝ ነበር። ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት ውሃው ነው። የቦዩን በር ከፍተው፣ ሦስት ዓመት ያጠራቀምነውን ውሃ ለወንዙ ለቀውታል! ባዶ እግሬን ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ፣ ኢንሶፕ! አለቃቸውን ክንዱን ይዤ "ምን እያደረግህ ነው?" ስለው "ባለቤቱ ነው ያዘዘን፣ እትዬ። ከመቃብሩ እስከ ወንዙ ጥረጉ ብሎናል። እንዲህ የተጣለ ማሳ ያለው ሰው ቢያፍር አይፈረድበትም" አለኝ። የተጣለ ማሳ! ሃያ ሁለት ቤት የለፋበትን! ጮኬ ሰው ጠራሁ።

ማን ቀድሞ ቢደርስ ጥሩ ነው? ባን። ያ የሚስቅብኝ ባን፣ በሹም ልብሱ፣ ከወረዳው ስብሰባ ሲመለስ። ከነሱሪው ከነጫማው ጭቃው ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ፊት ቁጭ አለ። "በሉ እኔን እጨዱኝ!" አላቸው። "ጡረታዬ ደርሷል፣ እጨዱኝ!" ከዚያ ሚስቱ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ ሌሎቹ። እኔ ብቻ ነኝ ቆሜ የቀረሁት፤ ጉልበቴ ከተቀመጥኩ አያስነሣኝም። አጫጆቹ ሞተራቸውን አጥፍተው ሲጋራ አቀጣጠሉ፣ ተያዩ፣ ሄዱ። ከግማሽ በላይ ግን ጨርሰውት ነበር።

የውሃው ዶሮ ጎጆ የነበረው ከመቃብሩ ወረድ ብሎ ነው። እናቲቱ ሁለተኛ ጊዜ ጥላ ታቅፋ ነበር። እንቁላሎቹን አገኘኋቸው። ባን "አትንኪው እትዬ፣ ተይው" አለኝ፤ እኔ ግን በእጄ ለቃቅሜ ቀበርኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ "ጡም" የሚል የለም። ያቺ ሴትዮ ልጆቿ "ወፉ የት ሄደ?" ሲሏት ቤት ገብታ በሯን ዘጋች።

ስልክ ደወልኩልህ፤ አታነሣም። እዚያ ሌሊት ነው አሉኝ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማሳውን ያስጠረግኸው ለመቃብሩ ብለህ ነው ወይስ ነጭ ሸሚዝ ለለበሱት እንዲያምርላቸው? ደርቆ፣ ተጠርጎ፣ ተለክቶ እንዲያዩት? ስጦታ ብለህ እኔን ልታታልል? አባትህ አልጋ ላይ ሆኖ "እናንተ እንደምታውቁ አድርጉት" ያለንን መሬት? እንዲህ ያለ ስጦታ ለጠላቴም አይስጠው!

በሰላም ሰንብት አልልህም።

ቦክሱን


ሳኦ ፓውሎ፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2018

ለትንሿ እናቴ፣

ዛሬ ቹሶክ ነው። ገበታ ዘርግቼ ለአባቴ ሰግጄ ስነሣ ደብዳቤዎ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለበዓል የሚባለውን ሰላምታ ጽፌ መልሼ ሰረዝኩት። ይቅር ይበሉኝ፤ ወይም አይበሉኝ።

እርስዎ ታላቄ ነዎት። ድምፄን ከፍ አድርጌብዎት አላውቅም። ግን አታላይ ብለውኛልና ልናገር።

ያን ፎቶ ለሚስቴ አሳየኋት። "ይህ የማን መቃብር ነው? ዘመድ የለውም እንዴ?" አለችኝ። "አላውቅም" አልኩ። ይሰማሉ? አባቴን አላውቀውም አልኩ! ሣር እስከ ድንጋዩ አንገት ደርሶበት እርስዎ በኩራት ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል! በየትኛው አገር፣ በየትኛው ቤት ነው ይህ የሚያኮራው? "የአባቴ ነው?" ብዬ ስጠይቅዎ "የማን መስሎህ ነው?" አሉኝ። አለቀ። ይህ ሣር ሆን ተብሎ የተተወ ነው፣ መቃብሩን በጊዜው እናጭደዋለን፣ አንተ አትንካው ብለው አንድ መስመር ቢጽፉልኝ ምን ነበረበት? ስለ ባን ነጠላ ጫማ የሚጽፉበት ቦታ አላጡም። እኔ ያለሁት ከምድር ማዶ ነው። ከዚህ ሆኜ ሣር ሣር ነው!

አዎ፣ የሶላር ኩባንያው ጽፎልኛል። ሁለት ጊዜ። እሺም እምቢም አላልኳቸውም። መንገዱንና ምሰሶውን የጠየቁኝም እነሱ ናቸው። ሱቄ እንደ ድሮው አይደለም፤ ስለ ሽያጩ ማሰብ እንኳ አይፈቀድልኝም? ማሳው በስሜ ነው። አጫጆቹን ግን የቀጠርኩት ለእነሱ አይደለም፤ ለአባቴ ነው፣ ለእርስዎም ወገብ ነው። ማመን አለማመን የእርስዎ ፈንታ ነው።

የወፏ ነገር አሳዝኖኛል። እውነቴን ነው። ከእንግዲህ ግን ስለ ማኅተሙ አይጠይቁኝ።

ኢንሶፕ


ጋልዴ መንደር፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2018

ለኢንሶፕ፣

ደኅና ነህ ወይ? እኔ አለሁ። ስምህን ስጠራ አሁንም ጥርሴን እየነከስኩ ነው፤ ሰላምታ ግን ሰላምታ ነው።

ደብዳቤህን አንብቤዋለሁ። አባትህን "አላውቅም" ማለትህን ሳስብ አንዴ በጥፊ ልመታህ ያምረኛል፣ አንዴ ደግሞ ሆዴ ይባባል። አንድ መስመር አልጻፍሽልኝም ላልከው ግን እውነትህን ነው፤ አልጻፍኩም። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው አንተም የምታውቅ መሰለኝ። እርሱ ነው ያናደደኝ፤ ከአንተ ይልቅ በራሴ።

አሁን የሆነውን ልንገርህ፣ ሳቅ ብትፈልግ ሳቅ። ውሃውን መልሰን ያዝን። በየቀኑ ሰው ወጥቶ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ዘንድሮ አይመጡም ብለን ነበር። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጡ። ዝዮቹ! ሰማዩ ጠቆረ። መንደሩ በሙሉ ግድቡ ላይ ነው፤ ከከተማም ሰው መጥቷል። ዞሩ፣ ዞሩ፣ ከዚያ የት ቢያርፉ ጥሩ ነው? እኛ ሦስት ዓመት እንደ ዓይናችን ብሌን ያሳደግነው ረጅሙ ሣር ላይ አይደለም። የአንተ አጫጆች ላጭተው ውሃ የተኛበት ላይ! ቁጭ! አንድ ላይ፣ ልክ እንደ ተጠሩ። ረጅሙ ሣር ውስጥ ቀበሮ ሊኖር ይችላል ብለው ይፈራሉ መሰለኝ፤ ግልጥ ያለ ቦታ ነው የሚወዱት።

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ በንዴት ጀርባዬን ለወፎቹ ሰጠሁ። ባን ሳቁን ሊይዝ ታግሎ አልቻለም። "እትዬ፣ የብራዚሉ ልጅሽ ከአንቺ ይሻላል" አለኝ። "ሂድና ከእነሱ ጋር ዋኝ!" አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እደበድበው ነበር።

ማታ በመንደሩ አዳራሽ ተሰበሰብን። ነገሩ ግልጽ ሆኗል፤ ማሳው በየዓመቱ ግማሹ መታጨድ አለበት። ግን ወፎቹ ጎጆአቸውን ከለቀቁ በኋላ፣ በኦክቶበር፣ በማጭድ፣ ቀስ ተብሎ፤ የትኛው ሣር እንደሚቆረጥና የትኛው እንደሚተው በሚያውቅ ሰው። ማን ያጭዳል ሲባል ሁሉም እጁን ሊያወጣ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። "ስምንት ዓመት የአባቱን መቃብር አጭደንለታል። ወንፈል ነው፤ ወንፈል ደግሞ በተራ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ተራ የእሱ ነው፤ መቃብሩም ማሳውም" አልኩ። አንድ ሰው እንኳ አልተቃወመም። ባን "በሰው አያስደርግም፤ ራሱ መጥቶ" ብሎ ጨመረበት።

የሰማኸው ነው። የአባትህን መቃብር ከእንግዲህ ማንም አያጭድልህም። ካልመጣህ ሣሩ ድንጋዩን ይውጠዋል፤ እኛም ጥሩ አድርገን ፎቶ አንስተን እንልክልሃለን። ይህን የምልህ ተናድጄ ነው፣ ግን ቃሌን አላጥፍም።

ማኅተሙን አትጠይቂኝ ብለሃል፤ አልጠይቅህም። ዓመቱ ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ነጭ ሸሚዞቹም ትናንት መጥተው ነበር፤ ዝዮቹን ሲያዩ መኪናቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ብዙ ቆዩ። አንተ ታውቃለህ።

እግርህ ወደ ቤት ይመልስህ።

ትንሿ እናትህ ቦክሱን


ሳኦ ፓውሎ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 2018

ለተከበሩ ለትንሿ እናቴ፣

ጤናዎን እመኛለሁ፤ ጉልበትዎንም።

አሁንም ተናድጃለሁ። ለኩባንያው ግን እምቢ ብዬ ጽፌለታለሁ። ለሚስቴም የመቃብሩን ነገር ነግሬያታለሁ፤ ሁለት ቀን አኩርፋኝ ነበር።

ወረቀቱን እዚህ አትሜ ልልክልዎ ስል አንድ መስመር ብሳሳት ተመልሶ እስኪመጣ ዓመቱ እንደሚያልቅ ገባኝ። ስለዚህ በዚህ ፖስታ ውስጥ፣ በካልሲ የተጠቀለለው፣ ማኅተሜ ነው። ራሱ ማኅተሙ። ማኅተሙ የእኔ ለመሆኑ የቆንስላው ምስክርነትም አብሮ አለ። አባቴ ይህን ሲሰጠኝ "ለወንድምህም ቢሆን ከእጅህ እንዳይወጣ" ብሎኝ ነበር። እርስዎ በገዛ እጅዎ ያሳርፉት። ሲያሳርፉ ባን አጠገብዎ ይቁም፤ ሹም ነውና ይመስክር፣ ደግሞም ለዚህ ማሳ ጭቃ ውስጥ ተቀምጧል።

ማኅተሙን መልሰው አይላኩልኝ። በኦክቶበር መጥቼ ራሴ እወስደዋለሁ፤ ቲኬት ቆርጫለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። ማጭድ እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም። ከአጨዳው አንድ ቀን ቀድሜ እደርሳለሁና፣ ማንም ሳያየን አንዴ ያሳዩኝ። ለባን አይንገሩት።

ልጅዎ ኢንሶፕ